ዱባይ ልሂድ ወይስ ግሸን? ከደብረ ብርሃን ለጻፈችልን እህት

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የግል ፋብሪካ ውስጥ ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። 31 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈቃድ አልወጣሁም። በቅርቡ እቁብ ደረሰኝ፤ በመጪው ዓመት ለራሴ አንድ ነገር ላድርግ ብዬ ቆርጫለሁ፤ መጓዝ። ግን የት? ጓደኞቼ ዱባይ ካልሄድሽ ሞተን እንገኛለን ይላሉ። እናቴ ጉልበቷን እያመማት እንኳ ግሸን ማርያምን ሳልሳለም አልሙት ትላለች። ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩት የጉዞ ቪዲዮ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ሳየው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ። የምፈልገው ልቤን የሚያነሳሳ፣ ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ የምመለስበት ቦታ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እዚህ አገር ከብርድ በቀር ምንም የለም፤ ደብሮኛል። እንዴት ልምረጥ?»

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን እቁቡ ደረሰሽ። ብዙ ሰው እቁብ ሲደርሰው ወይ ሶፋ ይቀይራል፣ ወይ ዕዳ ይከፍላል። አንቺ መንገድ አሰብሽ። ደስ ብሎኛል።

ከቪዲዮዎቹ ልጀምር። አንድ ዓይነት ሆኑብኝ ማለትሽ ትክክል ነው። ሁሉም በድሮን ከላይ የተቀረጹ ናቸው። ሁሉም ፀሐይ ስትወጣ ወይ ስትጠልቅ ነው። የመናኸሪያው ግፊያ፣ የአልጋው ዋጋ፣ ሆድ ያበላሸው ምሳ አይታይም። የውጭ መጽሔቶችም በየዓመቱ «ዘንድሮ መታየት ያለባቸው ቦታዎች» እያሉ ዝርዝር ያወጣሉ። አንብቢው፣ ክፋት የለውም። ግን ዝርዝሩን ያወጣው ሰው አንቺን አያውቅሽም። ስንት ቀን ፈቃድ እንዳለሽ አያውቅም። የእናትሽን ጉልበትም አያውቅም።

ስለዚህ «የት ልሂድ» የሚለውን ለጊዜው አቆይውና ምን እንደሰለቸሽ ንገሪኝ። ቢሮው ከሆነ፣ ከቁጥር የሚያርቅሽ ማንኛውም ሰፊ ሜዳ ይበቃሻል። ጫጫታው ከሆነ፣ ዱባይ የባሰ ጫጫታ ነው። ከእናትሽ ጋር እየኖርሽ ቁጭ ብሎ ማውራት ከቀረ፣ ብቻሽን ባሕር ዳር ብትቀመጪ አይሞላልሽም። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ጉዞዎች ናቸው። ሰው አንዱን ከሌላው ይቀላቅልና ገንዘቡን ጨርሶ ደብሮት ይመለሳል።

ደብዳቤሽን ሳነብ የገባኝ ግን የደከመው ጉጉትሽ መሆኑ ነው። እኔ እንደማስበው ቦታ ልብ የሚያነሳሳው ሰው ጥያቄ ይዞ ሲሄድ ነው። ያለ ጥያቄ የሄድሽበት ቦታ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ስልክሽ ውስጥ ፎቶ ሆኖ ይቀራል። ጥያቄው ደግሞ ከደጃፍሽ ቢጀምር ይሻላል። ለዚህ ነው «ከብርድ በቀር ምንም የለም» ያልሽውን ሳላነሳ የማላልፈው። ትንሽ ተናደድኩብሽ፣ አልደብቅሽም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል እንዲህ ላለው ነው።

የምትኖሪበትን ከተማ የቆረቆራት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ያሠራባት፣ ከዚያም ከተማ አድርጎ የተቀመጠባት። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ግማደ መስቀሉን ግሸን አምባ ላይ ያስቀመጠውም ይኸው ንጉሥ ነው። አየሽ? የእናትሽ ግሸንና የአንቺ ደብረ ብርሃን በአንድ ሰው የታሰሩ ናቸው። እናትሽ የምትለምንሽ ጉዞ የሚጀምረው ከሰፈራችሁ ነው። ይህን ይዘሽ ብትሄጂ «እናቴን ሸኘሁ» ብቻ ብለሽ አትመለሺም፤ የራስሽም ጉዞ ይሆናል።

ግሸንን በተመለከተ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። የመስከረም 21 ንግሥ ትልቅ ነው። ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ብዙ ነው፤ አምባው ላይ መውጫው ገደላማ ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናት በዚያ ግፊያ ውስጥ ስትቸገር አይቶ ደስ የሚለው ልጅ የለም። ለበዓሉ ነው ወይስ ለቦታው የምትሄጂው ብለሽ ጠይቂያት። «ቦታውን ልሳለመው» ካለችሽ፣ ከንግሡ ውጪ ባለ ቀን ሂዱ። አልጋ ይገኛል፣ መኪና ይገኛል፣ ካህኑም ቆም ብሎ ያስረዳችኋል። «በዓሉን ነው» ካለች ግን አትከራከሪያት፤ ጉልበቱ የእሷ ነው፣ ስለቱም የእሷ ነው። ብቻ መሐል መንገድ ላይ እያሳረፍሽ ውሰጃት።

መንገዱ ራሱ የጉዞው ግማሽ ነው። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የበሳው ዋሻ አለ፤ ከ500 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከደጋው ጉም ገብተሽ በጨለማው ታልፊና ስትወጪ አገሩ ቁልቁል ይወርዳል። ጆሮሽ ይደፈናል፣ ጋቢሽን ማውለቅ ትጀምሪያለሽ። ደብረ ሲና ስትደርሺ መኪናው ገና ሳይቆም የቆሎ ሻጮቹ እጅ መስኮቱ ላይ ነው። የገብሱን ከሽምብራው ጋር የተቀላቀለውን ግዢ። ሳትቀምሺ ግን አትግዢ፤ ያልበሰለም ይሸጣሉ። ከዚያ ሸዋ ሮቢት ትወርጂያለሽ፣ ሙቀቱ ይቀበልሻል። በአንድ ቀን ውስጥ ከብርድ ልብስ ወደ ከነቴራ ነው። «ከብርድ በቀር» ስትዪ ይህን መንገድ ረስተሽው ነው።

መንገዱ ሰላም ካልሆነ ወይም ከእናትሽ ጤና ጋር ካልሄደ፣ ቅርብ ያለ ሌላ ደብር አለ። ቡልጋ ውስጥ ኢቲሳ ተክለ ሃይማኖት አለ፤ ጻድቁ የተወለዱበት። ታኅሣሥ 24 ልደታቸው ሲከበር ይደምቃል። ጸበል ከሆነ የምትፈልገው ምንጃር ውስጥ ሸንኮራ ዮሐንስ አለላት። ግሸንን ይተካል አልልሽም፤ ለእናትሽ ብትነግሪያትም አትሰማሽም።

አሁን ወደ አንቺ። እኔ ብሆን አንኮበርን ነው የማስቀድመው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቅዳሜ ሄደሽ እሁድ ትመለሻለሽ። ብዙ የደብረ ብርሃን ልጅ አንኮበርን የሚያውቀው በትምህርት ቤት ጉዞ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልሄደም። ሜዳውን፣ የገብሱን ማሳና በጎቹን እያየሽ ትሄጂና ድንገት መሬቱ ያልቃል። ከእግርሽ ሥር ገደል ነው። ከገደሉ ማዶ ተራራው እየተደራረበ ይወርድና መጨረሻው ላይ የአፋር ሜዳ በሙቀት ጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል። ጠዋት ማለዳ ከሆነ ጉሙ ከሥርሽ ይሆናል።

የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የገዙት ከዚያ ላይ ሆነው ነው። በ1834 ዓ.ም ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርመዋል። ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት መናገሻቸው ነበረች። ከድሮው ቤተ መንግሥት ብዙ የቀረ ነገር የለም፤ ኮረብታው ላይ ሎጅ ተሠርቶበታል። የሚታይ ሕንፃ ፈልገሽ ከሄድሽ ትከፊያለሽ። ወፍ የምትወጂ ከሆነ ደግሞ ስሟን ከአንኮበር የወሰደች፣ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ሳይንስ ያወቃት ገና በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ነው። ለዓይን አታምርም፤ ፈረንጆቹ ግን እሷን ለማየት ባሕር አቋርጠው ይመጣሉ።

ጥያቄው የሚወለደው እዚህ ነው። ከኮረብታው ሆነሽ ቁልቁል ስታይ አልዩ አምባ አለች። ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን የሸዋ ትልቋ የንግድ በር ነበረች። ከሐረርና ከባሕሩ ዳር የሚመጣው ቅፍለት፣ ግመሉን አራግፎ የሚያርፈው እዚያ ነው። አሞሌ ጨው ይገባል፣ ጨርቅ ይገባል፤ ቡና ይወጣል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን አስጎብኚዎች ሲዘሉት እሰማለሁ፣ መዘለል የለበትም። አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ሐረሬው አንድ ገበያ ላይ ይገናኙ ነበር። በ1879 ዓ.ም ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆኖ፣ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ በአፋር በረሃ አድርጎ አንኮበር ገባ። ምኒልክን ግን አላገኛቸውም፤ እንጦጦ ድረስ ተከትሏቸው ሄደ። በዚያው ሰሞን ምኒልክ ሐረርን ይዘው ነበር።

እንግዲህ ቁልቁል እያየሽ «ያ መንገድ የት ይደርሳል?» ብለሽ ከጠየቅሽ ቀጣዩ ጉዞሽ ተገኘ። ሐረር ነው። እናም የእቁቡን ብር ትልቁን ድርሻ ለሐረር አድርጊው።

ሐረርን የምመርጥልሽ በዚህ ክር ብቻ አይደለም። ከምታውቂው ሕይወት ጋር ሲነጻጸር የተለየች ናት፤ ግን ቪዛ አትጠይቅሽም። ጀጎል የሚባለውን የድሮ ከተማ የከበበው ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። ቀደምቶቹ በሮች አምስት ናቸው። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶች አሉ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቧታል። ቁጥሩን ልተወውና አንዱን ቤት ልንገርሽ። የሐረሬ ባህላዊ ቤት ስትገቢ ወለሉ ቀይ ነው፣ መደቡ ደረጃ ደረጃ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው፤ አንቺ እንግዳ ስለሆንሽ ቦታሽን ያሳዩሻል። ግድግዳው ላይ ስፌቱ ተደርድሯል። ሰላሌም መንዝም ሰፌድ ይሰፋል፣ እንደዚያ ቀለሙ የሚጮህ ግን አላየሁም። እንግዳ የሚያሳድሩ ቤቶች አሉ፤ ሆቴል ከማደር እዚያ ማደር ይሻላል። ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ ሲመገብ ታያለሽ። እኛ አገር ጅብ ሲጮህ በር ይዘጋል፤ እዚያ ስጋ በእንጨት ይዘው ይጠሩታል። የራምቦ ቤት የሚባለውንም እዪው፤ ሕንፃው ያማረ ነው። ሰውየው እዚያ ቤት አልኖረም ይባላል፤ ግን ምን ቸገረሽ።

በባቡር ሂጂ። ከአዲስ አበባ ለቡ ተነስቶ ድሬዳዋ ይወስድሻል፤ ከድሬ ሐረር ሚኒባስ ሞልቶ ነው፣ ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ የሚነሳበትን ቀን አስቀድመሽ አጣሪ፤ ቲኬቱንም ቀድመሽ ቁረጪ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ምቹ ነው። አንድ ቀን ድሬዳዋ እደሪ፤ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በዛፎቹ ሥር መሄድ ብቻውን ፈታ ያደርጋል።

ጫጫታ ነው የሰለቸኝ የምትዪ ከሆነ ደግሞ ሐረርን ለሌላ ጊዜ አቆይተሽ ጓሳ ውጪ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ አጠገብ ነው። ከጣርማበር ዋሻው ሳትገቢ ወደ ግራ ትታጠፊያለሽ። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፤ ብርድ ለምጃለሁ ብለሽ እንዳትሸወጂ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ እዚያ ሲደርስ ልጅ ነው። ጓሳ ሜዳው ላይ የሚበቅለው ሣር ጣራ ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራል። ለዚህ ሲሉ የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ለዓመታት ይዘጋል፣ ከዚያ በጋራ ውሳኔ ይከፈታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ አቆይቶታል።

እዚያ ጠዋት ፀሐይ ወጣ ሲል ጭላዳ ዝንጀሮው ከገደሉ እየወጣ ሜዳው ላይ ይበተናል። ቁጭ ብሎ ሣር በጣቱ እየነጨ ይበላል፤ የሚጎርሰው ድምፅ ይሰማሻል። ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ በመሐላቸው ቀይ ቀበሮ ስትሄድ ልታዪ ትችያለሽ። አትነካቸውም፤ አይሸሿትም። ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ላይ እንዳዩት፣ ቀበሮዋ በጭላዳ መንጋ መሐል ስትሆን አይጥ ማደን የበለጠ ይሳካላታል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ። ለጓሳ ጥቅምትን ምረጪ። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም አልበረታም። ሁለት ሌሊት በቂ ነው። ባና ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ስንቅ ያዢ። ስልክሽ ኔትወርክ ባይኖረው አትጨነቂ፣ የሄድሽው ለዚያ አይደል።

ዱባይስ? ሂጂ፣ ግን ስሙን ጥሪው። ጓደኞችሽ የሚሉሽ ዱባይ ግዢና ፎቶ ነው። ግዢ ነውር አይደለም፤ ሻንጣ ሞልቶ መምጣት የሚያስደስተው ሰው አለ። ልብ ማነሳሳት ግን ሌላ ነው፣ አንቺም ጠይቀሽ የጻፍሽው እሱን ነው። በዚያ ላይ የቪዛ፣ የትኬት፣ የሆቴል ወጪ እቁቡን በአንድ ጊዜ ይውጠዋል፤ ከተመለስሽ በኋላ እስከ ፋሲካ ሽሮ ነው። የግድ ከአገር ልውጣ ካልሽ ኬንያ ለእኛ ቀለል ያለ ነው፣ ቪዛ አይጠይቀንም።

ገንዘቡን አስቀድመሽ ክፈይው። የሐረሩን ለብቻ፣ የእናትሽን ለብቻ። ከሁለቱም ሳትነኪ ትንሽ ለክፉ ቀን አስቀምጪ፤ መንገድ ላይ ሁልጊዜ አንድ ያልታሰበ ነገር አለ። በበዓል ሰሞን የመኪናው ዋጋ እንደሚንር ታውቂያለሽ። ጾም ላይ ከሆንሽም ከመሄድሽ በፊት አስቢበት።

አብሮሽ የሚሄደውን ሰው ከቦታው እኩል ምረጪ። እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ የምትተኛ ጓደኛ ይዞ ጓሳ መውጣት ጸብ ነው። በየደቂቃው ፎቶ አንሺኝ የምትል ጓደኛም ሐረር ውስጥ ታደክምሻለች። የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርጊ፤ የሚያወራውን አዳምጪ፣ አታቻኩይው።

ስለ ሰላሙም ላንሳ፤ አንቺም እዚያው ነሽና ታውቂዋለሽ። መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። የፌስቡክ ወሬ አትመኚ፣ የቆየም ሊሆን ይችላል። መናኸሪያ ሄደሽ የመንገዱን ሹፌሮች ጠይቂ። መድረሻሽ ላይ ያለ ሰው ደውለሽ ጠይቂ። ሁለቱ ካልተስማሙ ቅሪ። በሌሊት አትጓዢ። ጉዞ መሰረዝ አያሳፍርም፤ ጓሳም አንኮበርም የትም አይሄዱም።

የመጨረሻው ፈቃድሽ ነው። «ሁለት ዓመት አልወጣሁም» ስትዪ ደነገጥኩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለሽ፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃድ ቢተላለፍም ከሁለት ዓመት በላይ መተላለፍ የለበትም። ስለዚህ የቆየው ሳይቃጠል ነገ ዛሬ ሳትዪ ጠይቂ። አሠሪሽ ከተስማማ በሁለት ተከፍሎ መውሰድም ይቻላል። ለአንቺ የሚመቸው እሱ ነው፤ ግማሹን ለእናትሽ ጉዞ፣ ግማሹን ጥር ወይ የካቲት ላይ ለሐረር። የሂሳብ ክፍል ሰው ስለሆንሽ በጀት መዝጊያ ላይ እንደማይለቁሽ ታውቂያለሽ፣ ከእሱ አርቂው። ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገቢ፣ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» አስብለሽ ያዢ። ለአንኮበሩ ግን ፈቃድም አያስፈልግሽም፤ በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ወርደሽ መንገዱን ጠይቂና፣ ሰላም ከሆነ ሂጂ።